ለሚያነክሰው የግቢ ውሻ ምን ይገዛለት? ሚዛን፣ ደረቅ ምግብ፣ የዓሣ ዘይትና የመገጣጠሚያ ክኒን ሲገመገሙ

ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ፣ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ የግቢው በር ሲንኳኳ ወጣቱ ውሻ ተወርውሮ ይደርሳል። ሸምገል ያለው ግን በፊት እግሮቹ ተደግፎ ይነሣል፣ ኋላውን ይጎትታል፣ አምስት ስድስት እርምጃ እያነከሰ ይሄድና ከዚያ በኋላ ይፍታታል። ቤተሰቡ «አርጅቷል» ብሎ ያልፈዋል። ጠዋት ተገትሮ ሲንቀሳቀስ የሚፍታታ፣ መኪና ላይ መዝለል የተወ፣ ሲቀመጥ አንድ እግሩን ወደ ጎን የሚጥል ውሻ ግን ብዙ ጊዜ ያመመው ኦስቲኦአርትራይተስ ነው። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አካል ተሸርሽሮ መገጣጠሚያው ይቆጣል። በአዲስ አበባ ዳር ባሉ ግቢዎች የሚበዙት የጀርመን ሼፐርድና ቅልቅሎቹ በዳሌና በክርን መገጣጠሚያ አፈጣጠር ችግር ስለሚታወቁ ለዚህ በሽታ ቅርብ ናቸው።

ይህን ያየ ባለቤት ገንዘቡን ይዞ ወደ ፋርማሲ፣ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ሱፐርማርኬት ሲሄድ የሚቀርቡለትን ነገሮች ነው እዚህ የምንገመግመው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ከሁሉም በላይ ለገንዘቡ የሚገባው ሚዛን ነው። ቀጥሎ ትክክለኛው ምግብ፣ ከዚያ የዓሣ ዘይት ይመጣል። በትልልቅ ፊደል «ለመገጣጠሚያ» ተብሎ የተጻፈበት ክኒን መጨረሻ ላይ ነው።

ከግዢ በፊት ግን ምርመራ ይቅደም። ማነከስ የጉልበት ጅማት መበጠስ፣ የአጥንት ዕጢ ወይም በጥፍሮቹ መሃል የተሰካ እሾህ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህን ምግብ አያድናቸውም። በድንገት የጀመረ፣ እግሩን ጨርሶ መሬት የማያስነካ ወይም ትኩሳት ያለው ውሻ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ በቃሊቲና በገላን በኩል ለሚኖር ሰው መንገዱ ቀና ነው።

ሚዛን

ሚዛን የምንላቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለውሻው፣ ሌላው ለምግቡ። ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ውሻ ሰው የሚመዘንበት ተራ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ ታቅፋችሁት ትወጣላችሁ፣ የራሳችሁን ኪሎ ትቀንሳላችሁ። 38 ኪሎ የሚመዝን ሼፐርድ ግን አይታቀፍም። የእንስሳት ክሊኒክ ወለል ላይ የሚቀመጥ ሚዛን ካለው በየሁለት ሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ጎራ ማለት ነው። ከሌለው የከብት መኖ መሸጫው ጆንያ የሚመዝንበት የመሬት ሚዛን ያገለግላል። ላስቲክ አንጥፉበት፤ ሰዎቹን አስፈቅዱ። ሰንሰለቱን ማውለቅ አትርሱ፤ ወፍራም ሰንሰለት ከነቁልፉ ከኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል የአንድ ወር ድካማችሁን ይሸፍነዋል። ሁሌም ጠዋት፣ ሳይበላ፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን ይሁን።

ሚዛኑ ስንት ኪሎ እንደሆነ ይነግራችኋል እንጂ ስንት መሆን እንደነበረበት አይነግራችሁም። ለዚያ እጃችሁ ይበቃል። ጡጫ ጨብጣችሁ የጣቶቻችሁን አንጓ ዳስሱ፤ የውሻው የጎን አጥንት እንዲህ ከጎረበጠ ከስቷል። ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ ዳስሱ፤ አጥንቱ ሳትጫኑ እንደዚህ ከተሰማችሁ ልክ ነው። መዳፋችሁን አውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋ ዳስሱ፤ የጎን አጥንቱ እንዲህ ተጭናችሁ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ወፍሯል። ሼፐርድ ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ በዓይን ብቻ አትፍረዱ። ሐኪሞች ይህንኑ ከ1 እስከ 9 ባለው ደረጃ ያስቀምጡታል፤ 4 እና 5 ልክ ነው፣ ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ በግምት 10 በመቶ ትርፍ ክብደት ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝና እስከ መጨረሻው እንሂድበት። 38 ኪሎ የሚመዝን፣ ደረጃው 7 የሆነ ውሻ 20 በመቶ ያህል ትርፍ አለው፤ ስለዚህ 38ን ለ1.2 ስናካፍል የሚፈለገው ክብደት ወደ 32 ኪሎ ይመጣል። የዕለት ካሎሪውን ለማስላት በስልክ ማስያ 32ን በራሱ ሦስት ጊዜ አባዙ (32 × 32 × 32)፣ የስኩዌር ሩት ምልክቱን ሁለቴ ተጫኑ፣ በ70 አባዙ። 942 ይመጣል። በቀን 942 ኪሎ ካሎሪ የማክሰሚያው መነሻ ነው። ስሌቱ የሚሠራው በሚፈለገው ክብደት ነው፤ ብዙ ሰው አሁን ባለው 38 ኪሎ ያሰላና ውሻው ለምን እንደማይቀንስ ግራ ይገባዋል።

ሁለተኛው ሚዛን የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ከቻላችሁ እሱን ግዙ። በጣሳ መስፈር የማይሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። አንዱ ጣሳውን ልክ ይሞላል፣ ሌላው ያቆልለዋል። ቁልሉ 40 ግራም ቢሆንና ምግቡ በኪሎ 3,000 ኪሎ ካሎሪ ቢኖረው 120 ኪሎ ካሎሪ ተጨመረ ማለት ነው፤ ከ942 ላይ 13 በመቶ ያህል ነው። ውሻው መክሳቱን ለማቆም ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

በእኛ ግቢዎች ነገሩን የሚያበላሸው ሌላም አለ፤ ውሻውን የሚያበላው አንድ ሰው አይደለም። ጠዋት ሠራተኛዋ ታበላዋለች፣ ማታ ዘበኛው ከራቱ ያካፍለዋል፣ ልጆቹ ዳቦ ይወረውሩለታል። ሁሉም በፍቅር ነው፤ ቁጣ ደግሞ አይሠራም። የሚሠራው ባልዲ ነው። የዕለቱ ድርሻ ጠዋት ተመዝኖ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ይገባል። ማንም ማብላት ከፈለገ ከባልዲው ያበላል። ባልዲው ባዶ ከሆነ የዚያን ቀን ምግብ አልቋል። አንድ መቶ ግራም ዳቦ 265 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ የዕለቱን ከሩብ በላይ፣ እንደሚወስድ ለዘበኛው ብትነግሩት ከማንም በላይ የሚጠነቀቀው እሱ ይሆናል።

ለምን ይህን ያህል ስለ ክብደት እንጨነቃለን? እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት 14 የወፈሩና የመገጣጠሚያ ችግር ያለባቸው ውሾች ለ16 ሳምንት ክብደት እንዲቀንሱ ተደርገው ነበር፤ ከሰውነት ክብደታቸው 6 በመቶ ያህል ሲቀንስ ማነከሳቸው በሚለካ ደረጃ ቀነሰ። በምሳሌ ለያዝነው ውሻ 6 በመቶ ማለት 2.3 ኪሎ ብቻ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣው የ48 ላብራዶሮች ጥናት አለ፤ ውሾቹ በጥንድ ተመድበው ከጥንዶቹ አንዱ ከወንድሙ ወይም ከእህቱ 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ዕድሜ ልኩን ተሰጠው። ትንሽ የበሉት ግማሾቹ 13 ዓመት ሲያልፉ የሌሎቹ አጋማሽ ዕድሜ 11.2 ነበር፤ የመገጣጠሚያ ሕክምና የፈለጉትም ዘግይተው ነው። ስብ ደግሞ ሸክም ብቻ አይደለም። ብግነት የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል፤ ውሻው ቀኑን ሙሉ ቢተኛም መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል።

ደረቅ ምግብ በጆንያ

ከውጭ የሚገባው ደረቅ ምግብ ላይ የመጀመሪያው ምክራችን ከፊት ያለውን ሥዕል ትታችሁ ጀርባውን እንድታነቡ ነው። የምትፈልጉት ቁጥር በኪሎ ስንት ኪሎ ካሎሪ እንዳለው ነው። ለክብደት መቀነሻ የተሠራ ምግብ 3,000 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ተራው 3,800 ሊደርስ ይችላል፤ የቡችላ ምግብ ከዚያም ያልፋል። «ላረጀ ውሻ» የሚለው ጽሑፍ የካሎሪውን መጠን አይነግራችሁም፤ በዚህ ስም የሚሸጡ ምግቦች እርስ በርሳቸው በጣም ይለያያሉ። የካሎሪ ቁጥር ጨርሶ የሌለበትን ጆንያ እኛ አንገዛም።

ከ942 ውስጥ 10 በመቶውን ለመሸለሚያና ለዘይት እንተውና 848 ይቀረናል። በ3,000 ምግብ 283 ግራም ነው። በ3,800 ምግብ 223 ግራም ብቻ ይሆናል፤ ሳህኑ ባዶ ይመስላል፣ ውሻው ይራባል፣ ቆሻሻ ገንዳ ይገለብጣል። ከዚህም የሚከፋው፣ ተራ ምግብ በጣም ሲቀነስ ፕሮቲኑና ማዕድኑም አብሮ ይቀንስና ውሻው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ያጣል። የታመመን መገጣጠሚያ ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው። ለክብደት መቀነሻ ተብሎ የተሠራው በጆንያ ቢወደድም በዚህ ምክንያት ልዩነቱን ይክሳል። ዋጋ ስታወዳድሩ በኪሎ አታወዳድሩ፤ የጆንያውን ዋጋ ለኪሎው አካፍሉ፣ በዕለቱ ግራም አባዙ፣ ለ1,000 አካፍሉ። የቀን ወጪው ያ ነው።

15 ኪሎ ጆንያ በቀን 283 ግራም 53 ቀን ይዘልቃል። ከተከፈተ ከስድስት ሳምንት በኋላ ስቡ መበላሸት ስለሚጀምር ከጎረቤት ጋር መካፈል ወይም ትንሹን ጆንያ መግዛት ይሻላል። ከነጆንያው ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጡ፤ አይጥ በከተማ ዳር የማይቀር ነው።

በኪሎ እየተሰፈረ በፌስታል የሚሸጠውን ግን አንመክርም። ምልክት የለውም፣ መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም፣ ካሎሪውም አይታወቅም። ርካሽ ይመስላል፤ ክብደት ለሚቀንስ ውሻ ግን ቁጥር የሌለው ምግብ አይሠራም።

ከሥጋ ቤት የሚመጣውና የቤቱ ትርፍራፊ

በእኛ አገር ውሻ የሚኖረው በአብዛኛው በዚህ ነው፤ ማንም በአንድ ቀን አይተወውም፣ መተውም የለበትም። ጨጓራ ጥሩ ነው፦ የተቀቀለ የከብት ጨጓራ በ100 ግራም 95 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ አለው፣ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው። ስብና ሞራ በአንጻሩ በ100 ግራም ከ850 በላይ አለው። ባለ ሥጋ ቤቱ በደግነት የሚጨምርላችሁ አንድ እፍኝ ሞራ የ32 ኪሎ ውሻን የሙሉ ቀን ድርሻ ይበላል። «ሞራውን ተው፣ ጨጓራ ጨምርልኝ» በሉት።

ሳንባና ጉበት በጥሬው አይሰጥ። ውሃ የቋጠረ ሳንባ ተብሎ የሚጣለው የሃይዳቲድ ትል ቋጠሮ ነው፤ ውሻው በጥሬው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ሕፃናት፣ ይተላለፋል። ቋጠሮ የታየበትን ቅበሩት። ደህና የሚመስለውንም ቢያንስ 30 ደቂቃ በሚንተከተክ ውሃ ቀቅሉት፤ የትል መድኃኒቱም ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ሐኪሙን ጠይቁ። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ ይቅር። የወጥ ፍትፍትም ይቅር፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ በእኛ ወጥ ውስጥ ደግሞ የማይቀሩት እነሱ ናቸው።

ፉርሽካና ፋጉሎ አብሮ አፍልቶ ማብላት በሰበታና በሰንዳፋ በኩል የተለመደ ነው። ፉርሽካ ትንሽ ቢጨመር ሆድ ይሞላል፤ ዋና ምግብ መሆን ግን አይችልም። ፋጉሎን ጨርሶ እንቃወማለን። በደንብ ያልደረቀ የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙ የወተት ላሞች መኖ ላይ በጥናት የታየ ችግር ነው፣ የውሻ ጉበት ደግሞ ለዚህ መርዝ በጣም ስስ ነው።

ለብዙ ቤት የሚሆነው ግማሽ በግማሽ ነው። ለ32 ኪሎው ውሻ በቀን 140 ግራም የክብደት መቀነሻ ደረቅ ምግብ፣ 250 ግራም ተቀቅሎ የተጠነፈፈ ጨጓራ፣ 300 ግራም የተቀቀለ ዱባና ካሮት፣ 80 ግራም የተቀቀለ ሩዝ። ሁሉም የሚመዘነው ከበሰለ በኋላ ነው፤ ጨው፣ ዘይትና ሽንኩርት የለበትም። ሥጋ ካልሲየም በጣም ስለሚያንሰው ታጥቦ፣ ደርቆ እንደ ዱቄት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጨመርበት። ደረቅ ምግቡን ጨርሶ አውጥቶ በጨጓራና በሩዝ ብቻ ወራት መግፋት ግን አይቻልም፤ ዚንክ፣ መዳብ፣ አዮዲንና ቫይታሚን ኢ ይጎድላሉ። ምግቡን የምትቀይሩት በሰባት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ነው፤ በአንድ ቀን ከተቀየረ ተቅማጥ ይመጣል።

ስለ ጾምና በዓል መናገር ግድ ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀን የቤቱ ትርፍራፊ እንጀራ፣ ዳቦና ሽሮ ይሆናል፤ ውሻው ፕሮቲን ሳያገኝ በዳቦ ይወፍራል። የፋሲካ ዕለት ደግሞ የበጉ ስብና አጥንት በአንድ ቀን ይከመርበታል። ይህ ኪሎ መጨመር ብቻ አይደለም፤ ድንገተኛ የቅባት ብዛት የቆሽት ብግነት ሊያስነሣና ውሻውን ሊገድል ይችላል። በበዓል ቀን ለውሻው የሚገባው ከሥጋው ላይ ስቡ የተነሣለት፣ የተቀቀለ አንድ እፍኝ ነው፤ ከባልዲው ላይ ያን ያህል ይቀነስለት።

የዓሣ ዘይት ካፕሱል

ከተጨማሪዎቹ ሁሉ ማስረጃ ያለው ይህ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የተባሉት ኦሜጋ 3 ቅባቶች ናቸው። የሰው ፋርማሲ የሚሸጠው ያገለግላል፤ ነገር ግን ብልቃጡን አዙሩት። ፊት ለፊት «1000 ሚሊ ግራም» የሚለው የዘይቱ ክብደት ነው። ጀርባው ላይ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ይላል፤ ድምሩ 300 ብቻ ነው። ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚጠቀሰው ሙሉ መጠን ለ32 ኪሎ ውሻ በቀን 4,170 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ በተራው ካፕሱል 14 ፍሬ ማለት ነው። ስለዚህ በፍሬ 600 እና ከዚያ በላይ ያለውን የተጠናከረ ፈልጉ፤ በብልቃጥ ቢወደድም በቀን ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ሙሉው መጠን የላይኛው ጣሪያ አካባቢ ስለሆነ ከሐኪም ጋር ተመካከሩበት። በሩብ ጀምሩ፣ በየሳምንቱ ጨምሩ፣ ዓይነ ምድሩ ከቀጠነ አንድ ደረጃ ተመለሱ። አንዱ ካፕሱል ወደ 10 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ከተውነው 10 በመቶ ላይ ይታሰብ። ለውጥ ለማየት ከስድስት ሳምንት በላይ ይፈጃል። ውሻው ቀዶ ሕክምና ካለበት ደም መርጋትን ሊያዘገይ ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩት። አንዱን ፍሬ በመርፌ ወግታችሁ አሽትቱ፤ ዓሣ መሽተቱ ያለ ነው፣ የቆየ ቅባት የሚሸት ከሆነ ግን ተበላሽቷል። ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ላይ የተደረደረውን አትግዙ።

የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ሌላ ዕቃ ነው። ቫይታሚን ኤ እና ዲ ስለሚበዛበት በዚህ መጠን ከተሰጠ ይመርዛል። ተልባ ይተካዋል ወይ የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። አይተካውም፤ በተልባ ውስጥ ያለውን ኦሜጋ 3 የውሻ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው በጣም በጥቂቱ ነው። ሰርዲን በቆርቆሮ ይረዳል፣ በ100 ግራም ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ሊሰጥ ይችላል፤ ዘይቱ ይፍሰስ፣ ዓሣው በውሃ ይለቅለቅ፣ የቲማቲም ስጎ ያለበት ግን ሽንኩርት ሊኖረው ስለሚችል ይቅር።

የግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ክኒን

«ለመገጣጠሚያ» ተብሎ በሚሸጠው ክኒን ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው፤ እዚህ ላይ አጭር እንሁን። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ኦሜጋ 3 የበለጸጉ ምግቦች ሕመም እንደሚቀንሱ ሲያሳይ፣ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ግን ለውሻ የመገጣጠሚያ ሕመም ጥቅም እንደሌላቸው ደምድሟል። ገንዘቡ ለሚዛንና ለምግብ ይዋል። ለሰው የተሠራ የሚታኘክ ወይም ጣፋጭ ከሆነ ደግሞ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ በጥቂቱም ውሻ ይገድላል።

የሚቀረው ሥራ

ሥራው ሲጀመር ክብደቱ በሳምንት ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንስ፤ ለ38 ኪሎው ከ380 እስከ 760 ግራም ነው። ሸምገል ላለ ውሻ ግማሽ በመቶም ይበቃል። ሁለት ተከታታይ ሚዛን ካልተነቃነቀ መጀመሪያ ባልዲውን መርምሩ፤ የሚያልፍ ነገር ከሌለ 10 በመቶ ቀንሱ። በጣም ከፈጠነ ጨምሩለት።

ጎን ለጎን ቀኑን በሰንሰለት የሚውል ውሻ በጠዋትና በማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በማሠሪያ ተይዞ ይራመድ። ቅዳሜ ብቻ አንድ ሰዓት ማስሮጥ እሑድ ያስተኛዋል። ሊሾ ላይ የሚተኛ ከሆነ በጆንያ የታጨቀ ጭድ ከብርዱ ያወጣዋል። ጥፍሩም ይታይ፤ የማይራመድ ውሻ ጥፍሩ አይሸረሸርም፣ ረጅም ጥፍር ደግሞ በዝናብ በራሰ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትተዋል።

ሕመሙ ከበረታ ማስታገሻ የሚያዘው ሐኪም ነው። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከቤት መድኃኒት መሳቢያ አውጥቶ መስጠት ጨጓራውን ያደማል፣ ኩላሊቱን ያበላሻል። ሐኪሙ ሜሎክሲካም አዝዞ ከሆነ መጠኑ የተሰላው በኪሎ ነው፤ ውሻው ከ38 ወደ 35 ሲወርድ አዲሱን ቁጥር ወስዳችሁ አሳዩት፣ መጠኑ እንደገና ይሰላ።